ለቅበላ እንዲደርስሽ

ዴልሂ፣ ጥር 28

ለምወድሽ የልብ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ወንድምሽ፣ ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል። የእማማ መርዶ እዚህ የደረሰኝ ዕለት የምጽፈው ቃል አጣሁ፤ ጥቂት ቀን ላስብበት ብዬ ያቆየሁት ደብዳቤ ሳምንት አለፈው፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መዘግየቴ ያመጣው ኀፍረት እጄን ያዘው። ይቅር በይኝ። እማማን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ነገር ከእሳቸው ጓዳ ጋር የተያያዘ ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ፑንጃቢት ናቸው፤ ወላጆቻቸው በ1947 እ.ኤ.አ. ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከላሆር ተሰደው ዴልሂ የገቡ ናቸው። እዚህ አገር ታላቅ ሴት በምትጠራበት አጠራር እኔም «አንቲ ጂ» እላቸዋለሁ። ካቻምና ክረምት፣ ማለትም በእነሱ ብርድ በእኛ በጋ፣ ፓኒር የሚሉትን የአገራቸውን አይብ አሠራር ላሳይሽ ብለው ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ። ወተቱ ፈልቶ ሎሚው ሲገባበት፣ እርጎው ከአጓቱ ሲለያይና ያ ለብ ያለ ሽታ ሲወጣ ድስቱ ላይ እንዳጎነበስሁ ቀረሁ። እማማ ቅቤውን ካወጡ በኋላ አሬራውን በሸክላ ማሰሮ ረጋ ባለ እሳት ላይ ጥደው፣ እኔና አንቺ ማማሰያ ይዘን ስንጠጋ «አትንኩት፣ ራሱ ይሰበሰባል» ይሉን የነበረው ታየኝ። አንቲ ጂ ለምን እንዳለቀስሁ ሲጠይቁኝ ነግሬያቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፓኒር ሲሠሩ ሁልጊዜ ይጠሩኛል።

ፓኒርና የእኛ አይብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። አይባችን ቅቤው ከወጣለት፣ አስቀድሞም ከኮመጠጠ ወተት የሚገኝ ስለሆነ በለዘብተኛ ሙቀት ይረጋል፤ ቅባቱ ስለተነሣለትም ፍርፍር ይላል። ፓኒር ግን ቅባቱ ሳይነካ ከፈላ ትኩስ ወተት በሎሚ ወይም በሆምጣጤ ይረጋና በክብደት ይጠፈጠፋል፤ ስለዚህ በቢላ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል። እሳት ላይ ሲውል አለመቅለጡም በኮምጣጣ ነገር ከመርጋቱ የመጣ ነው፤ ወጥ ውስጥ እንደ ሥጋ ቁራጭ ሆኖ የሚቆየው በዚሁ ነው። ፈረንጆች በጥንቱ ልማድ ብዙውን አይብ የሚያረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ሲሆን ፓኒር ይህ ስለማያስፈልገው ሥጋ በማይበሉት የሕንድ ቤተሰቦች ማዕድ ላይ ያለ ጥርጥር ይቀርባል።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ፤ እባክሽ ሞክሪው። ቅባቱ ያልተነሣለት 2 ሊትር ወተት ያስፈልግሻል። ለወራት እንዲቆይ በከፍተኛ ሙቀት ተዘጋጅቶ በካርቶን የሚሸጠውን አትግዢ፤ የሚሰጠው እርጎ የላላና ደቃቅ ስለሆነ አይጠፈጠፍም። እዚህ የጎሽ ወተት ስላለ፣ ቅባቱም ከላም ወተት በጣም ስለሚበልጥ፣ የአንቲ ጂ ፓኒር ነጭና ለስላሳ ነው፤ የላም ወተትም ቢሆን ግን መልካም አድርጎ ይሠራል። ወተቱን ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት አድርጊና እንዳይያዝ እያማሰልሽ አፍይው። ገንፍሎ ሲነሣ ከእሳቱ አውጪውና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በእኩል ውኃ አቅጥነሽ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ ቀስ ብለሽ አማስዪው። አጓቱ የወተት ቀለሙን ትቶ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥርት ያለ ውኃ ሲሆን ሎሚውን ወዲያው አቁሚ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ሎሚ አይቡን ያደርቀዋል፣ ያኮመጥጠዋልም። በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዪው፣ የሎሚው ጣዕም እንዲለቅ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሽበት፣ ጨርቁን ቋጥረሽ ጭመቂውና ውኃ የተሞላ ድስት ጭነሽበት 40 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከ350 እስከ 400 ግራም የሚሆን ፓኒር ታገኛለሽ። ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር... አይደለም፣ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ሳይቀዘቅዝ ከቆረጥሽው ይፈረፈርብሻል። አጓቱን አትድፊው፤ ቂጣ ማቡኪያ ይሆናል።

እዚህ እንደመጣሁ የሠራሁት ስሕተት እንዳይደርስብሽ እሱንም ልጻፈው። ከሱቅ የተገዛ ፓኒር በዘይት አጥብቄ ጠብሼ፣ ከዚያም እንደ ወጣችን ሥጋ ግማሽ ሰዓት መረቁ ውስጥ አንተከተክሁት፤ ሲወጣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሆነ። ሙቀቱ ሲበዛ አይቡ የያዘውን ውኃ ስለሚጥል ነው። ፓኒር ወጡ ውስጥ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ጠብሰሽ ማስገባት ከፈለግሽ ደግሞ ቁራጮቹን ከመጥበሻው እንዳወጣሽ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊያቸው፤ ይለሰልሳሉ። አንቲ ጂ ግን በቤት የተሠራ ፓኒር መጠበስን አይወዱም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ከሁሉ የምወደው ፓላክ ፓኒርን ነው። ፓላክ ማለት ስፒናች ነው፤ ብርዱ ሲገባ ገበያው በእሱ ይሞላል። አንቺ ጋ በቆስጣ መሥራት ትችያለሽ፤ ነጩን አገዳ አውጪለት እንጂ። ግማሽ ኪሎ ቅጠል በሚፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነክረሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምሪው፤ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ የሚቆየው በዚህ ነው። ከአንድ ቃሪያ ጋር ፍጪውና አስቀምጪው።

ቁሌቱ ላይ በሁለታችን አገር መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ብዬ አጥንቼዋለሁ። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እናቁላላና ቅባቱን በኋላ እናስገባለን፤ እነሱ ቅባቱን አስቀድመው አግለው ያልተፈጨ ከሙን ይጥሉበታል፣ ከሙኑ ሲንጣጣ ሽንኩርቱ ይገባል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእነሱ ንጥር ቅቤ፣ ጊ የሚሉት፣ ያለ ምንም ቅመም የሚነጠር ስለሆነ መዓዛውን የሚያገኘው ምግቡ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ የእኛ ግን ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን ሲነጠር ተቀብሎ ስለሚመጣ ሥራው አስቀድሞ አልቋል። በሁለቱም ቤት የቅመሙን ሽታ የሚሸከመው ቅባቱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ምግብ የእማማን ዓይነት ንጥር ቅቤ አትጠቀሚ፣ ኮሰረቱ ስፒናቹን ይጫነዋል፤ ለጋ ቅቤና ዘይት እኩል አድርጊ።

አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈሽ ወርቃማ እስኪሆን አቁላዪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሁለት የተከተፈ ቲማቲም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ጥቂት የተፈጨ ሚጥሚጣና ጨው ጨምሪ። ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ ዳር ዳር ሲወጣ ደርሷል ማለት ነው፤ ይህን ምልክት ከዶሮ ወጥ ታውቂዋለሽ፣ እዚህም የሚጠብቁት ያንኑ ነው። የተፈጨውን ቅጠል አስገብተሽ ሳትከድኚ አምስት ደቂቃ አብስዪው፣ ፓኒሩን ጨምሪ፣ በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ ነስንሺበት። ጋራም ማሳላ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን አብረው ታምሰው የሚፈጩበት ቅመም ሲሆን በሥራው ከእኛ መከለሻ ጋር አንድ ነው፤ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይገባል። ሄል ካጣሽ ኮረሪማ አድርጊበት፣ ግን ከመጠኑ ቀንሺ።

አንቲ ጂ ከዚህ በላይ አንድ ነገር አላቸው፤ ካሱሪ ሜቲ፣ የደረቀ የአብሽ ቅጠል። ስሙን ያገኘው ከካሱር ከተማ ነው፤ ካሱር ለላሆር ቅርብ ሲሆን ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ይገኛል። ቅጠሉን በመዳፎቻቸው መካከል አሽተው ድስቱ ላይ ሲበትኑት ሁልጊዜ ዝም ይላሉ፤ አንድ ቀን እናታቸው እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ። እኛ ከአብሽ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አናውቀውም። በፍሬው ልተካው ብለሽ እንዳትሞክሪ፣ ይመርብሻል፤ ሰው ሳገኝ ቅጠሉን እልክልሻለሁ።

ለልጆችሽ ግን ፓኒር በተር ማሳላ ሳይሻላቸው አይቀርም፣ ለስለስ ያለና ጣፈጥ የሚል ነው። ስድስት የበሰለ ቲማቲምና የተዘፈዘፈ አንድ እፍኝ ካሹ የሚባል ለውዝ አብረሽ ቀቅለሽ ትፈጪያለሽ፣ ታጠዪያለሽ፣ በቅቤ ታበስዪዋለሽ፣ ቁንጥር ስኳርና ትንሽ የወተት ክሬም ትጨምሪያለሽ። ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ብዙ የማያቃጥለው የካሽሚር በርበሬ ነው፤ በርበሬያችን በውስጡ ብዙ ቅመም ስላለው አይተካውም። በብረት ምጣድ የሚጠበሰውን ፓኒር ቲካንም አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው በእርጎና በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ እንደሚቆይ፣ ከቅመሞቹም አንዱ ነጭ አዝሙድ መሆኑን ብቻ ልንገርሽ። እዚህ አጅዋይን በሚል ስም ሲሸጥ በሽታው አውቄው የመንደሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

በጾም ቀን ፓኒር እንደማይበላ አንቲ ጂን ማስረዳት ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶብኛል። እሳቸው በናቫራትሪ ጾማቸው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና ሩዝ ይተዋሉ፣ ወተትና ፓኒር ግን ይፈቀድላቸዋል፤ እኛ ሽንኩርቱን ይዘን ወተቱን እንተዋለን። ረቡዕና ዓርብ እኔ የምሠራላቸውን ወጥ ጨው እሳቸው ይቀምሳሉ። ለጾም ያንኑ የፓላክ ቁሌት በዘይት ብቻ ሠርተሽ በፓኒሩ ፈንታ የተቀቀለ ድንች ወይም ሽምብራ ብታስገቢበት እጅግ ይጥማል።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይድረስሽ ብዬ ነው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የጻፍሁት። ለቅበላ ሥሪውና የትኛው ወተት እንደረጋልሽ፣ ቆስጣው ምን እንደሆነልሽ ጻፊልኝ። እኔም አንድ የምጠይቅሽ አለኝ። ባለፈው ወር አንቲ ጂ የእኛን አይብ ሥሪልኝ ብለውኝ እርጎ ንጬ ቅቤውን አወጣሁና አሬራውን ጣድሁት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ደርቆ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። የፓኒሩን ምልክት አውቃለሁ፣ የአጓቱ መጥራት ነው። እማማ ማሰሮውን ከማውረዳቸው በፊት ግን አንቺን ብቻ ጠርተው «ነይ እዪው» ይሉሽ ነበር። ምን ነበር የሚያሳዩሽ?

የዘወትር ወዳጅሽ