ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ እኔ እቆማለሁ

ይድረስ ለወንድሜ ለጥላሁን፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህን ሳልመልስ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሥራ በዝቶብኝ፣ ኋላ ግን አፍሬ ነው።

አሁን የጻፍኩልህ ጉድ ስለመጣ ነው፤ የቀበሌያችን ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ አርጎ መረጠኝ። ሳቅ እንጂ! ሂሳብ ካንተ እየቀዳሁ ያለፍኩት እኔ። የጨነቀኝ ግን የአባባ ነገር ነው። «ማኅበር» ሲባል አሁንም ፊቱን ያዞራል።

በሬያችንን ቦራን መቼም አትረሳውም። በደርግ ጊዜ ማልባ፣ የመጀመሪያው ደረጃ የአምራቾች ማኅበር፣ ሲባል ያዋጡት መሬቱን ነበር፣ በሬው በየቤቱ ያድራል። ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ ወደ ወልባ፣ «ሲያድጉ» በሬውም ሞፈሩም የማኅበር ሆነ፣ የሰው ድካም በነጥብ ተቆጠረ። ቦራን ሁሉም ይጠምደዋል፣ የሚያበላው የለም። አባባ ማታ ማታ ጭድ በነጠላ ደብቆ ይወስድለት ነበር፣ ለገዛ በሬው! የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኛው ማኅበር ወዲያው ፈረሰ። አባባ ቦራን ሳይነጋ ሄዶ ሲያመጣው ጫንቃው ተልጦ ነበር።

ያው አባባ የእድር መዋጮውን ያለ ደረሰኝ ይከፍላል። ወንፈል ሲገባም የማን ተራ እንደሆነ የሚጽፍ የለም፣ የሚረሳም የለም። የእድሩን ዳኛ ራሱ መርጦታል፣ ካስቀየመው ይሽረዋል። ስለ ወልባ ግን ማን ጠየቀው? የ1991ዱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 በሌላ አዋጅ ሳይተካ፣ አባልነት በፈቃድ ነው፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይል ነበር። ደግ ብሏል፤ ግን ከኔ በፊት የነበረው ኮሚቴ የትርፍ ክፍፍል ሳያሳውቅ ዓመታት ሲያልፉ አዋጁ የት ነበር?

እኔ አዋጅ አላነብላቸውም። ጤፍ ስንገዛ ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ እኔ እቆማለሁ። 58 ኪሎ መሆኔን አገር አውቆታል። አንዴ 56 ሲል አንዲት እናት «ልጄ፣ ታመሃል ወይስ ሚዛኑ ነው?» አሉ። ሚዛኑ ነበር። ያን ቀን ሳንገዛ ዋልን።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ መጣ። እህል አልያዘም። ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ወረደና ምንም ሳይለኝ ሄደ።

ሂሳብ የምንዘጋው ሰኔ 30 ነው። መጥተህ መዝገቡን እይልኝ፤ እንደ ድሮው ልቅዳ።

ወንድምህ