ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ዶሴዎቹ ሳያልቁ ድረሱልን

ጉዳዩ፦ የታሪክ ዶክትሬት ተማሪ ስለሚፈልጋቸው አሮጌ ሰነዶች

ጤና ይስጥልኝ።

ሀዋሳ የምኖር የታሪክ ዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የማጠናው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በዚህ አካባቢ የነበረውን የመሬት ይዞታ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ምርምር በጀት መዘግየት አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የምጽፈው ስለ ወረቀት ነው።

የታሪክ ተማሪ ላቦራቶሪው መዝገብ ቤት ነው። ዶክትሬት ሲባል ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈውን አሳምሮ መድገም አይበቃም፣ ማንም ያላየውን ማስረጃ አውጥተህ፣ አመሳክረህ፣ በጉባኤ ፊት ቆመህ መከራከር አለብህ። ማስረጃው ከሌለስ?

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤዬን ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና። በመጨረሻ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ከግቢው ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ከፈተችልኝ። ዶሴዎቹ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። ከላይ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከታች ምስጥ ገብቶበታል። አንዱን ፈትቼ ሳወጣ የአንድ ጭሰኛ አቤቱታ አገኘሁ። በጽሑፍ መኪና የተጻፈ፣ ቴምብር የተለጠፈበት፣ ግርጌው ላይ በሐምራዊ ቀለም የጣት አሻራ ያረፈበት። የሚያርሰው መሬት በቃላድ፣ ማለትም በመሬት መለኪያ ገመድ፣ ሲለካ ድንበሩ ተገፍቶብኛል ይላል። የታችኛው ግማሽ ገጽ በውሃ ስለተበላ ምን እንደተወሰነለት አላውቅም። የቀሩትስ ዶሴዎች የታሉ ብዬ ስጠይቅ፣ «ኮሚቴ ተቋቁሞ ተወግዷል» አሉኝ። በቃ፣ ተወግዷል።

አሁን ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ። የያኔው ሲዳሞ ደግሞ ሲዳማ ብቻ አልነበረም፤ ወላይታም፣ ጌዴኦም፣ ቦረናም በሥሩ ነበሩ። ስለዚህ የእነዚህን ሕዝቦች የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሀዋሳን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ጠቅላይ ግዛቱ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ቆይቶ ሀዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። በ2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፣ በ2015 ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ አዳዲስ ክልሎች ተመሠረቱ። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ቢሮ ይለቀቃል፣ ዕቃ ይጫናል። ጠረጴዛና መኪና ተቆጥሮ ርክክብ ይደረጋል። ለ1950ዎቹ የግብር መዝገብ ግን ማን ፈርሞ ይረከባል?

ሽማግሌ ጠይቅ የሚሉኝ አሉ። እጠይቃለሁ፣ ከቃል ታሪክ የማገኘው ብዙ ነው። ግን ሁለት አባቶች ስለ አንድ መሬት ሁለት ዓይነት ታሪክ ሲነግሩኝ በምን ላመሳክረው? ዛሬ በታሪክ ስም ስንት ጭቅጭቅ አለ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን እንዲማር ተደርጓል፣ ጥሩ ነው፣ እደግፋለሁ። ግን ያንን ኮርስ የሚያስተምረው መምህር ተማሪው ስለ ገዛ ወረዳው ሲጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ? የአካባቢ ታሪክ ሳይጻፍ የሀገር ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ። የሀገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሆነው ወመዘክርም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ነገር ግን ወረዳ ላይ ያለ ሠራተኛ አሮጌ ዶሴ ሲያይ የሚታየው ቦታ የያዘ ቆሻሻ ነው። አልፈርድበትም፤ ማንም አልነገረውም።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ከወመዘክርና ከክልሎች ጋር ተነጋግራችሁ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የቆየ ሰነድ ከማስወገዱ በፊት በአቅራቢያው ያለ የታሪክ ትምህርት ክፍል መጥቶ እንዲያየው የሚያደርግ ሰርኩላር ይውጣ። ዩኒቨርሲቲዎች ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያና ስካነር ይመድቡ። የዶክትሬት ተማሪ የሚይዘው ደብዳቤም በየደረሰበት ቢሮ በኃላፊው መልካም ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ይቅር። አዲስ የዶክትሬት ፕሮግራም ስትፈቅዱም ስንት መምህር አለ ብላችሁ እንደምትጠይቁት ሁሉ፣ ተማሪው የሚያነበው ሰነድ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ክረምት ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ነግሬያችኋለሁ። ሰው ከላካችሁ መጋዘኑን አሳያለሁ። ዶሴ ለማራገፍም፣ ለመለየትም፣ ለመመዝገብም እኔና የትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ያለ ምንም ክፍያ እንሠራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የታሪክ ዶክትሬት ተማሪ፣ ከሀዋሳ