ስለ ሰፈር የሙዚቃ ትምህርት ቤት፦ ከፊላደልፊያ ለአባቴ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ካራ፣ አዲስ አበባ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰርቪስ ቤቱን ከማከራየት ይልቅ ለሰፈሩ ልጆች ክራርና ማሲንቆ ሊያስተምሩበት መወሰንዎን እማዬ ነግራኝ በጣም ደስ ብሎኛል። የልጅ ልጅዎ ቫዮሊን የምትማርበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደተጀመረ ስለጠየቁኝ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

ሴትልመንት ሙዚክ ስኩል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1908፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የመጡ ድሆች ተጨናንቀው ይኖሩበት በነበረው በደቡብ ፊላደልፊያ ነው። ስደተኞችን ለመርዳት በተቋቋመ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች በበጎ ፈቃድ ፒያኖ ማስተማር ጀመሩ፤ ክፍያውም ለአንድ ትምህርት አምስት ሳንቲም ነበር። በነጻ አለማድረጋቸውን እወድላቸዋለሁ። አምስት ሳንቲም ወጪውን ባይሸፍንም፣ እናቲቱን ከተመጽዋችነት አውጥቶ ልጇን ከፍላ የምታስተምር ያደርጋታል።

እ.ኤ.አ. በ1917 ሜሪ ሉዊዝ ከርቲስ ቦክ የተባሉ ባለጸጋ ለእናታቸው መታሰቢያ ሕንፃ ሰጡት። በ1924 ደግሞ ለከፍተኛ ሙያ የሚሠለጥኑት ተማሪዎች ክፍል ተለይቶ ወጣና ዛሬ በዓለም የታወቀው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ሆነ። (በዚያው ዓመት ነው ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ያደረጓቸው፤ እርስዎ ይህን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።) ባለ ተሰጥኦዎቹ ከሄዱ በኋላም የሰፈሩ ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም እየተቀበለ፣ መክፈል ለማይችለውም እየረዳ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ስለዚህ አባቴ፣ «ጆሮ ያላቸውን መርጬ አስተምራለሁ» ማለትዎን ሰምቻለሁና እባክዎ ይህን ሐሳብ ይተዉት። መርጦ ማሠልጠን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ለዚያም ዩኒቨርሲቲ አለው። ካራ የሚያስፈልገው ግን የትዝታን ቅኝት ከባቲ ቅኝት ለመለየት ዓመት ቢፈጅበትም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክራር የሚያነሳ ልጅ ነው። ማሲንቆውንም ለወንዶቹ ብቻ አይተዉት፤ በአዝማሪ ቤት ወንዱ ሲመታ ሴቲቱ ስትዘፍን ኖራለች፣ በእርስዎ ቤት ግን ልጃገረዶቹም መምቻውን ይያዙ።

ለክራር ክርና ለአግዳሚ ወንበሮች የሚሆን ገንዘብ በሚቀጥለው ወር በባንክ እልካለሁ። እስከዚያ ወርሃዊ ክፍያውን ከጎረቤቶች ጋር ተመካክረው ይወስኑና ስንት እንዳደረጉት ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ