ልጁ በፈቃድ ቀረ፤ ገንዘቡስ? የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች በጀት በምዝገባ ይቆጠር

ክቡር አዘጋጅ፣

የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ኦስቲን ላይ ይሰበሰባል። አባላቱ ረቂቅ ሕግ ማስመዝገብ የሚችሉት ግን ከኖቬምበር 9 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ስለ ትምህርት ሲነሳ የዳላስና የአካባቢው ወገናችን ጆሮ ያለው ቫውቸሩ፣ ማለትም ስቴቱ ልጆችን በግል ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነው። አይፈረድም፤ በ2025 የወጣው ሕግ አንድ ቢሊዮን ዶላር መድቦለታል። ከዚያ ባልተናነሰ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚነካ፣ ግን ብዙ የማይወራለት ሌላ ሐሳብ አለ። ስቴቱ ለዲስትሪክቶች (የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድሩት አካላት) የሚሰጠውን ገንዘብ ክፍል ውስጥ በተገኘ ልጅ ሳይሆን በተመዘገበ ልጅ ቁጥር እንዲያሰላ የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። የኦስቲኗ ተወካይ ጂና ሂኖሆሳ በ2023 አቅርበውት ነበር፤ አላለፈም። እኛ ማለፍ አለበት ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንን ከማስረዳታችን በፊት ግን አሁን ያለው አቆጣጠር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የሚያውቀውና ሕጉ የሚለው አይገናኙም።

ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ተነስቶ ቴክሳስ የገባ ወላጅ ነገሩ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ሜሪላንድ ሴፕቴምበር 30 ላይ የተመዘገበውን ልጅ ቆጥራ በጀት ትሠራለች። ኮሎራዶ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ትቆጥራለች። ቴክሳስ ግን በየትምህርት ቀኑ የተገኙትን ልጆች ደምራ ለትምህርት ቀናቱ ብዛት ታካፍላለች። የሚገኘው አማካይ በመነሻ ድጎማው ይባዛል። መነሻ ድጎማው ከ2019 ጀምሮ ለአንድ ልጅ 6,160 ዶላር ሆኖ ቆይቶ፣ በ2025 በወጣው የትምህርት በጀት ሕግ 6,215 ሆኗል። ጭማሪው ሃምሳ አምስት ዶላር ነው። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚታሰበው 10 በመቶ ተጨማሪ፣ በሁለት ቋንቋ በሚያስተምር ፕሮግራም ውስጥ ላሉት ደግሞ 15 በመቶው፣ የሚሰላው በዚሁ አማካይ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። 600 ልጆች የተመዘገቡበት ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 92 በመቶ ተገኝቶለት ከሆነ ስቴቱ የሚያውቀው 552 ልጅ ብቻ ነው። የቀሩት 48 በ6,215 ሲባዙ 298,320 ዶላር ይሆናሉ፤ ከአራት መምህራን ደመወዝ ያላነሰ ገንዘብ ነው። እነዚያ 48 ልጆች ደግሞ በስም ተለይተው የሚታወቁ፣ ሁልጊዜ የሚቀሩ ልጆች አይደሉም። ዛሬ አንዱ ያተኩሰዋል፣ ነገ ሌላዋ የጥርስ ሐኪም ጋ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድም ክፍል አይታጠፍም፣ አንድም አውቶቡስ ከመስመር አይወጣም፣ የአየር ማቀዝቀዣው መብራትም አይቀንስም። ወጪው የ600፣ ገቢው የ552 ሆኖ ይቀራል።

ቆጠራው የሚካሄድበት ሰዓትም አለ። ትምህርት ቤቱ ቀኑን ሙሉ አይቆጥርም፤ ዲስትሪክቱ የወሰነው አንድ የስም መጥሪያ ሰዓት አለ፤ ብዙ ቦታ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ረፋዱ ላይ ይውላል። በዚያች ሰዓት ክፍል ውስጥ ያልተገኘ ልጅ ጠዋት ገብቶ የነበረ ቢሆንም፣ ከሰዓት ቢመለስም፣ ለገንዘቡ ስሌት እንደቀረ ይያዛል። ለዚህ ሕጉ የሚፈቅዳቸው የተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ አሉ፤ የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው።

ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ልዩነት ይህ ነው። «በፈቃድ የቀረ» ማለትና «እንደተገኘ የተቆጠረ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅ ታሞ ቤት ቢውልና ወላጁ የሐኪም ወረቀት ቢያመጣ ፈቃድ ያገኛል፣ ያለፈቃድ ከቀሩት ጋርም አይደመርም፤ ስቴቱ ግን ለዚያ ቀን አይከፍልም። ያው ልጅ የሐኪም ቀጠሮ ኖሮት ከቀጠሮው በፊት ወይም በኋላ በዚያው ቀን ትምህርት ቤት ብቅ ካለና የክሊኒኩን ወረቀት ካስገባ ግን እንደተገኘ ይቆጠራል። የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ያለው ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሄድ ቤት ከዋለ ቀኑ ይጠፋል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ተምሮ ከወጣ አይጠፋም።

ሃይማኖታዊ በዓልም እንደዚሁ ነው። የቴክሳስ የትምህርት ሕግ ዲስትሪክቶች ለሃይማኖታዊ በዓል የቀረን ልጅ እንዲፈቅዱለትና ለገንዘቡም እንደተገኘ እንዲቆጥሩት ያስገድዳል። ለበዓሉ መንገድ ለሚሄድ አንድ የመሄጃና አንድ የመመለሻ ቀን ይጨመርለታል። የገና በዓላችን ጃንዋሪ 7 ቀን 2027 ሐሙስ ይውላል፤ ብዙ ዲስትሪክቶች ከክረምት እረፍት የሚመለሱት ከዚያ ቀን በፊት ነው። ጥምቀት ማክሰኞ ጃንዋሪ 19 ነው። የምዕራባውያኑ ፋሲካ በ2027 ማርች 28 ስለሚውል በዚያ ሰሞን የሚሰጠው እረፍት የእኛን ስቅለት አያገኘውም፤ የእኛ ስቅለት ዓርብ ኤፕሪል 30፣ መደበኛ የትምህርት ቀን ላይ ነው። ሁለቱም ዒዶች በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀናቸው ሲታወቅ ማሳወቅ ይበቃል። ወላጅ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፦ የልጁን ሙሉ ስም፣ ቀኑን፣ «ለሃይማኖታዊ በዓል» የሚል ግልጽ ምክንያትና ፊርማ የያዘ ማስታወሻ ዲስትሪክቱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ለቢሮው ማስገባት። «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ የሚጽፍ ወላጅ ልጁንም ትምህርት ቤቱንም ይጎዳል፤ ጸሐፊዋ የምትመዘግበው የተጻፈላትን ነው። የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤ ወይም ካምፕ ግን እንደ በዓል አይቆጠርም፤ በዚህ ላይ መመሪያው ጥብቅ ነው።

የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ወረቀት ለመጨረስ መንግሥት ቢሮ የቀረበ ወይም በቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የተገኘ ተማሪም በዚሁ አንቀጽ ይሸፈናል። የግሪን ካርድ አሻራ ቀጠሮ ግን እዚያ ውስጥ አልተጠቀሰም። ርእሰ መምህሩ ሊፈቅድ ይችላል፤ ስቴቱ ግን ለዚያ ቀን አይከፍልም። በዳላሱ ቪክሪ ሜዶ ሰፈር አፓርታማዎች ውስጥ ከሚኖሩት ስደተኛ ቤተሰቦች መካከል በዓመት ስንቱ እንዲህ ያለ ቀጠሮ እንዳለበት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አቆጣጠሩ የሚጎዳው እንዲህ ያሉ ልጆች የበዙበትን ትምህርት ቤት ነው፦ ወላጅ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራበት፣ መኪና አንድ ብቻ የሆነበት፣ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀየርበት፣ አስም ያለበት ልጅ የማይጠፋበት። ብዙ እርዳታ የሚያሻው ትምህርት ቤት በአንድ ልጅ የሚደርሰው ገንዘብ ያንሳል ማለት ነው።

ሀብታም ናቸው የሚባሉት ዲስትሪክቶችም አያመልጡም። ፕሌኖን የመሳሰሉት ከንብረት ግብር የሚሰበስቡት ከሚፈቀድላቸው በላይ ሲሆን ትርፉን ለስቴቱ ይመልሳሉ። የተገኙት ልጆች አማካይ ሲወርድ የሚፈቀድላቸው መጠን አብሮ ይወርዳል፣ የሚመልሱት ይጨምራል። ስለዚህ በፕሌኖ አንድ ልጅ ሲቀር ዲስትሪክቱ የራሱን ነዋሪዎች የቤት ግብር ተጨማሪ ቆርሶ ይልካል። የቤት ግብሩ በየዓመቱ ሲጨምር «ገንዘቡ የት ይሄዳል?» ብሎ ለሚጠይቅ የቤት ባለቤት ይህ የመልሱ አንድ ክፍል ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም መልስ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ወጪው ነው። ቴክሳስ 5.5 ሚሊዮን ያህል ተማሪ አላት። አማካይ መገኘቱ 93 በመቶ ነው ብንል የማይከፈልላቸው 385,000 ልጆች ይሆናሉ፤ በመነሻ ድጎማው ብቻ ሲሰላ በዓመት ወደ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ረቂቁ የሚወድቅበትም ዋና ምክንያት ይኸው ይመስለናል። ግን ይህ አዲስ ወጪ ተብሎ መጠራቱ ያሳስታል። ወጪው አሁንም አለ፤ የሚሸከመው ዲስትሪክቱ ነው፤ የክፍል ተማሪ ብዛት በመጨመር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በመቀነስ፣ የአውቶቡስ መስመር በማጠፍ። በአንድ ዓመት መሸጋገር ከከበደ በሦስት በጀት ዓመት ደረጃ በደረጃ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ክርክር ትምህርት ቤቶች ልጆችን ፈልገው ለማምጣት ያላቸው ጉጉት ይጠፋል የሚል ነው። እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ገንዘብ ሲኖርበት ሰው ስልክ ያነሳል። ይሁን እንጂ ሌሎቹ ግዴታዎች አይነኩም። ተማሪ ክሬዲት ለማግኘት ትምህርቱ ከተሰጠባቸው ቀናት 90 በመቶ መገኘት አለበት። በስድስት ወር ውስጥ አሥር ቀን ወይም የቀን ክፋይ ያለፈቃድ የቀረ ልጅ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ደግሞም ስቴቱ ራሱ አቆጣጠሩ ፍጹም አለመሆኑን በተግባር አምኗል፤ በኮቪድ ጊዜ በጀቱን ከመውደቅ ደግፎታል። ዛሬም በበረዶ ወይም በጉንፋን ወረርሽኝ ምክንያት የተገኙት ልጆች ካለፈው ዓመት አማካይ አሥር ነጥብ ከመቶ ሲያንሱ ዲስትሪክቱ ያ ቀን ከስሌቱ እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል። ዘጠኝ ነጥብ ከሆነ ግን ምንም የለም!

በምዝገባ ይቆጠር ስንል ግን በማንኛውም ዓይነት ምዝገባ ማለታችን አይደለም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ መቁጠር የራሱ ጣጣ አለው። ከኮሎራዶ የሚሰማው ሁሌም ይኸው ነው፤ ኦክቶበር ላይ የተቆጠረ ልጅ ኖቬምበር ላይ ወደ ሌላ ዲስትሪክት ቢዛወር ገንዘቡ የቀድሞው ጋ ይቀራል፣ የተቀበለው ትምህርት ቤት በባዶ እጁ ያስተምራል። ስደተኛ ቤተሰብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚገባው። ኢሊኖይ በ2017 ከመገኘት ወደ ምዝገባ ስትዞር ኦክቶበር 1 እና ማርች 1 ላይ እንዲቆጠር አድርጋለች፤ ሚሲሲፒም በ2024 በመገኘት መቁጠርን ትታለች። ለቴክሳስ ቢያንስ አራት የመቁጠሪያ ቀን፣ ቢቻል የየወሩ አማካይ ይሻላል እንላለን።

የጠፋ ልጅን ስም ይዞ መቆየትም መከልከል አለበት። ቨርጂኒያ 15 ተከታታይ ቀን የቀረን ልጅ ከመዝገብ ታወጣለች፤ ይኸው ደንብ በረቂቁ ውስጥ ቢገባ የማጭበርበሩን ስጋት በአብዛኛው ይዘጋዋል። ይህ እኛንም እንደሚነካ ግልጽ ነው። ልጆቹን ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ 15 የትምህርት ቀን ይወስዳል። ዛሬ ባለው አቆጣጠር ይህ ጉዞ በአንድ ልጅ 500 ዶላር ገደማ ያሳጣል። በአንድ ሴሚስተር ከ86 ቀን ገደማ መቅረት የሚቻለው ስምንት ቀን ስለሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውን ክሬዲትም አደጋ ላይ ይጥላል። በአዲሱ ደንብ ቢሆን ደግሞ ከመዝገብ ወጥቶ እንደገና መመዝገብ ሊኖር ነው። ረቂቁ ሲዘጋጅ ቤተሰብ ቀድሞ በጽሑፍ የመመለሻ ቀን ካሳወቀ ልጁ ቦታውን እንዳያጣ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው በረቂቁ ደረጃ ላይ ነው፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ ማሻሻል ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው።

መቼና ለማን? ረቂቅ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚገባበት ጊዜ ማርች 12 ቀን 2027 ያበቃል፣ ስብሰባው ደግሞ ሜይ 31። ስለዚህ የስቴት ተወካይዎን ቢሮ ማነጋገር የሚጠቅመው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው፤ ሠራተኞቹ ያኔ ያነባሉ፣ ኤፕሪል ላይ ጊዜ የላቸውም። ለኮንግረስ አባል መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ጉዳዩ የዋሽንግተን አይደለም። ረቂቁ የሕዝብ ትምህርት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ኦስቲን መሄድ የሚችል ሰው እዚያው ካፒቶል ውስጥ ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይናገራል። መሄድ የማይችል የቴክሳስ ነዋሪ ለተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ አስተያየቱን በድረ ገጽ መጻፍ ይችላል፤ የረቂቁ ቁጥር፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆንዎ፣ ልጆችዎ የሚማሩበት ዲስትሪክት ስም፣ ከዚያ ምክንያቱ በአራት አምስት መስመር። ከዲስትሪክትዎ የበጀት ክፍል የትምህርት ቤትዎን የተመዘገቡና የተገኙ ተማሪዎች ቁጥር ጠይቀው ልዩነቱን በ6,215 አባዝተው ቢያክሉበት የበለጠ ክብደት ይኖረዋል፤ ቁጥሮቹ የሕዝብ መረጃ ናቸው፣ የመከልከል መብት የላቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት በጀት ጉዳይን የምንከታተል ወላጆችና የትምህርት ቤት ሠራተኞች
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ