ለአባሎቻችሁ ሳትናገሩ ስለሸጣችሁት ሬድዮ ጣቢያ የቀረበ ቅሬታ

ለዩኒቨርሲቲው የሬድዮ ጣቢያ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ "መጀመሪያ የሚያውቁት አባሎቻችን ናቸው" ተብሎ ስለተነገረኝ ውሸት

ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ ሶስት ኢሜይል ልኬ "መልእክትዎ ደርሶናል" ከሚል አውቶማቲክ መልስ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ድረ ገጻችሁ በአማርኛም መጻፍ ይቻላል፣ እናስተረጉማለን ስለሚል ይሄኛውን በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እንደልቤ የምናገረውም በሱ ነው።

ጣቢያችን ለሃይማኖት ብሮድካስተሮች ስለመሸጡ ከኔ በላይ ስለምታውቁ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የምጽፈው ስለዛች ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የምነዳውን የኤርፖርት ሻትል ጥግ አስይዤ ደወልኩ። 22 ደቂቃ መስመር ላይ ጠብቄ አንዲት ሴት አነሳች። በትህትና ነው የጠየቅኳት፣ ጣቢያው ለሃይማኖት ብሮድካስተሮች ሊሸጥ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ አልኳት። "ሰር፣ ወሬ ነው፣ የምንሸጠው ነገር የለም፣ ቢኖር እንኳን መጀመሪያ የሚያውቁት አባሎቻችን ናቸው" አለችኝ። እባክሽ ድገሚልኝ አልኳት፣ ደገመችልኝ፣ የቤንዚን ሪሲት ጀርባ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት፣ ሪሲቱ አሁንም እጄ ላይ ነው። ማታ ቤት ገብቼ እናቴን አይዞሽ ወሬ ነው አልኳት፣ የቅዳሜውን የአማርኛ ሰዓት በነጻ ለሚያዘጋጁትም ልጆች ደውዬ አይዟችሁ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ዜናው ወጣ። ውሉ የተፈረመው ከዛች ማክሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት ነው! እኔ ሪሲት ላይ ስጽፍ ፊርማው ደርቋል ማለት ነው። ሰው አምኖኝ ነበር፣ በናንተ ምክንያት እናቴ ፊት ውሸታም ሆንኩ።

አርብ እንደገና ደወልኩ። ይሄኛው ሰውዬ ደግሞ ስሜን እንኳን ሳይጠይቀኝ "ቦርዱ ወስኗል፣ ሬድዮ ላይ ሌላ ብዙ ጣቢያ አለ፣ ያዙሩት" ብሎኝ ዘጋው። ዘጋው ነው የምላችሁ፣ መስመር ተቋርጦ አይደለም። እኔ ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) በየወሩ 15 ዶላር የምከፍል ሰው ነኝ፣ በየፀደዩ የእርዳታ ማሰባሰቢያችሁ ላይ ስልክ እያነሳሁ የሰው የካርድ ቁጥር ስጽፍ የዋልኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት እዛው ጠረጴዛ ላይ ማናጀሩ እጄን ይዞ ትልቅ ነገር ከመወሰኑ በፊት የአድማጮች ስብሰባ እንጠራለን ብሎኛል፣ ሌሎች አምስት ሰዎችም ሰምተዋል።

እንዳይሳሳት፣ ሃይማኖት ጠልቼ አይደለም። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቤቴ ያለ ጸሎት አያድርም። ግን እዚህ ከተማ ሬድዮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታዞሩት የስብከትና የመዝሙር ጣቢያ ሞልቷል፣ የከተማውን ስብሰባ የሚያስተላልፍ፣ በረዶ ሲጥል የቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የሚናገር፣ ቅዳሜ ማታ በአማርኛ ቀጥሎ በሶማልኛ የሚያወራ ግን አንድ ብቻ ነው። ከ88 እስከ 92 ያለው ሞገድ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት የተከለለው እኮ ለዚህ ዓይነት ስራ ነው። ጣቢያውን የገዛው ደግሞ እዚህ ከተማ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ አይመስለኝም። የሬድዮ ፈቃድ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት ኤፍሲሲ በ2017 ጣቢያ በሚያገለግለው አካባቢ ስቱዲዮ ይኑረው የሚለውን ደንብ ስላነሳው ከሌላ ስቴት በሳተላይት ልኮ እዚህ ማሰራጫው ብቻ ቢቆም የሚጠይቀው የለም። ጎርፍ ቢመጣ ለማን ነው የምንደውለው?

ይሄን ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1997 ዲሲ ታክሲ ስነዳ ቀኑን ሙሉ 90.1 ላይ ጃዝ ነበር የምሰማው፣ ደብሊውዲሲዩ፣ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ጣቢያ። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሲያጥረው ሊሸጠው ተነሳ፣ መጀመሪያ ለሃይማኖት ብሮድካስተሮች ሊሄድ ነበር፣ ሰው ጮኸ፣ በመጨረሻ የኮንግረስን ስብሰባ የሚያስተላልፈው ሲስፓን በ13 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ያንን ሞገድ ለሻጩ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በ1979 በአንድ ዶላር ነበር የሰጠው። ጃዙ ግን ቀረ፣ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ስከፍተው የኮንግረስ ስብሰባ ነው የሰማሁት፣ ያ ቀን እስካሁን አይረሳኝም። በ2017 ደግሞ ኖርዘርን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያውን ደብሊውኤንኬዩን ሲሸጥ ዋናውን ሞገድ 89.7ን የወሰደው ባይብል ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ የሚባል የሃይማኖት ብሮድካስተር ነው።

ገንዘብ ቸገረን ካላችሁ ይገባኛል። ኮንግረስ በ2025 ለህዝብ ብሮድካስቲንግ የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ እንደወሰደ እናውቃለን፣ ያኔ እኮ ተጨማሪ ስጡን ስትሉ 25 ዶላር ጨምሬያለሁ። ግን ታኮማ ያለው ፓሲፊክ ሉተራን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያውን ኬፒኤልዩን ሊሸጥ ሲል አድማጩ ተሰብስቦ በ2016 7 ሚሊዮን ዶላር አዋጥቶ የራሱ አደረገው፣ ዛሬ ኬኤንኬኤክስ ተብሎ እየሰራ ነው። እነሱ ጊዜ ተሰጣቸው። እኛ ማክሰኞ ተዋሸን፣ ሐሙስ በዜና ሰማን።

እና ደግሞ "ፕሮግራሞቹ በኢንተርኔት ይቀጥላሉ" ብላችሁ ጽፋችኋል። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ኩሽና ውስጥ ያለችው ትንሿ ሬድዮ ላይ የናንተ ጣቢያ ያለበት ቦታ ጋ እህቴ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋላታለች፣ መርፌውን ቀዩ ላይ ስታደርሰው አማርኛ ይመጣል፣ የምታውቀው ይሄንን ነው። ለሷ አፕ አውርጂ የሚላት ማነው? እኛ ስራ ስንውል ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሆናት ያ ሬድዮ ነው።

ከዚህ በፊት ያለፍኳቸውም ነገሮች አሉ። የአማርኛውን ሰዓት ሳትነግሩን ለአራት ወር ሌሊት ላይ አዛወራችሁት፣ እሺ አልን። የ2022 የአባልነት ኩባያ እስከዛሬ አልመጣም፣ ስሜን ሶስት ጊዜ አስተካክሉልኝ ብዬ አሁንም ደብዳቤው በሌላ ሰው ስም ነው የሚመጣው። እነዚህን ባልጽፋቸውም ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ዜናው ከወጣ በኋላ፣ ወር በገባ በ3ኛው ቀን፣ ከካርዴ 15 ዶላር ቆርጣችኋል። ሸጣችሁ ስታበቁ ለምኑ ነው የቆረጣችሁት?

ስለዚህ መጀመሪያ 15 ዶላሬን መልሱ፣ ከፊርማው ቀን በኋላ የተቆረጠበትን አባል ሁሉ ገንዘብ መልሱ። ሁለተኛ፣ ማክሰኞ የተነገረኝ ነገር ውሸት እንደነበር በጽሑፍ አምናችሁ ይቅርታ ጠይቁ፣ እኔን ብቻ ሳይሆን የቅዳሜዎቹን ልጆችም። ሶስተኛ፣ ማናጀሩ ቃል የገባውን ስብሰባ ከስራ ሰዓት ውጪ ጥሩ፣ ውሉ ይነበብልን፣ ለማዋጣትም ስድስት ወር ስጡን። ይሄ ካልሆነ ላይሰንሱ እንዲዛወር ያቀረባችሁትን ማመልከቻ ኤፍሲሲ ተቀብያለሁ ብሎ ካወጣበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን የተቃውሞ ጊዜ አለን፣ ጠበቃ አነጋግረናል፣ ቤተክርስቲያናችን በር ላይ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል፣ መስጊድ ያሉት ሶማሌ ወንድሞቻችንም እያሰባሰቡ ነው። የሪሲቱን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ፣ ለኤፍሲሲም እልከዋለሁ።

መልሳችሁን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፣ በስልክ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
ከ2009 ጀምሮ አባል የሆንኩ አድማጫችሁ