የኮሌራ ክትባት በአፍ የሚሰጠው ለምቾት ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኮሌራ ክትባት ዘመቻ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሰው ወጥቶ እንዲከተብ የሚያነሳሳ ጥሩ ዘገባ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለች። ክትባቱ በአፍ የሚሰጠው «ለአሰጣጥ ምቹ ስለሆነ» ነው ብላችሁ አልፋችኋል። ምቹነቱን ማን ይክዳል? ሲሪንጅ የለ፣ መርፌ አይቶ የሚጮህ ልጅ የለ። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። በመርፌማ ወደ 90 ዓመት ገደማ ተሞክሮ አልሆነም።

ይህን የማነሳው አቃቂር ለማውጣት አይደለም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ስንት አለ መሰላችሁ! በአፍ የሚጨለጥ ነገር ለድሀ የተመደበ ይመስለዋል። «ዋናውን መርፌ ለማን አስቀምጣችሁት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ጋዜጣው «ለምቾት ነው» ሲለው ጥርጣሬው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ትክክለኛውን መልስ ደግሞ ከሰው በፊት የሰጡን እንስሳት ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኮሌራ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ አይዞርም። ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍና መርዝ ያመነጫል። የአንጀት ሴሎች ውኃና ጨው እንዲያፈስሱ የሚያደርጋቸው ይኸው መርዝ ነው። ይህን ያሳዩት ሕንድ፣ ካልካታ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ሳምቡ ናት ዴ ናቸው። የጥንቸል አንጀት ከሁለት ወገን አሰሩና በመካከሉ ባክቴሪያው ተጣርቶ የወጣለትን ፈሳሽ ጨመሩ። ባክቴሪያ ባይኖርም አንጀቱ ውኃ ሞልቶ ተነፋ። ሥራው የታተመው በ1959 ነው።

በመርፌ የሚሰጥ የሞተ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚያስገኘው ደም ውስጥ የሚዘዋወር አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከደም ወደ አንጀት የሚያልፈው ደግሞ ጥቂት ነው። ሌባው አጥር ላይ ሳለ ዘበኛው ሳሎን ቁጭ ቢል ምን ይፈይዳል? ስፔናዊው ሐኪም ሃይሜ ፌራን በ1885 በአገሩ፣ ቀጥሎም የባክቴሪያ ተመራማሪው ቫልደማር ሃፍኪን በ1890ዎቹ ሕንድ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሰው የኮሌራ ክትባት በመርፌ ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ድንበር ሲሻገር የኮሌራ ክትባት ካርድ ይጠየቅ ነበር። በ1960ዎቹ በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በጥንቃቄ ሲፈተሽ ግን መከላከያው ደካማና ቶሎ የሚጠፋ ሆኖ ተገኘ። በ1973 የዓለም ጤና ጉባኤ የካርዱን ግዴታ አነሳው።

ፍንጩ ከዚያ በፊትም ነበር። በ1940ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ተመራማሪው ዊሊያም በሮውስና ባልደረቦቻቸው ጊኒ ፒጎችን ከተቡ። ደማቸውን ብቻ ሳይሆን ዓይነ ምድራቸውንም መረመሩ። እንስሳቱ ከኮሌራ ይተርፉ አይተርፉ የሚጠቁመው ዓይነ ምድራቸው ውስጥ የተገኘው አንቲቦዲ ሆነ፤ የደማቸው አንቲቦዲ ብዙም የሚናገረው አልነበረም። እኛ የላብራቶሪ ሰዎች በሰገራ ምርመራ ሲቀለድብን ነው የኖርነው፤ ይኸው፣ መልሱ እዚያ ተገኘ!

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1975ቱ ሥራ ነው። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናትናኤል ፒርስና የኦክስፎርዱ ጄምስ ጎዋንስ በአይጠመጎጥ ላይ ሠሩ። ጉዳት እንዳያደርስ የተገራ የኮሌራ መርዝ መጀመሪያ በሆዳቸው በኩል በመርፌ ሰጧቸው። ቆይተው ሁለተኛውን ዶዝ በቀጥታ ትንሹ አንጀት ውስጥ አስገቡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንጀቱ ግድግዳ መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ በያዙ ሴሎች ተሞላ። የመጀመሪያው ዶዝ አዘጋጀ፤ ሴሎቹን በገፍ ያወጣቸው አንጀት ላይ ያረፈው ሁለተኛው ነው።

ሴሎቹ ደግሞ ባሉበት ተቀምጠው አይደለም የሚበዙት። ከአንጀት ተነስተው በሊምፍ ቱቦ፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች የሚሰበሰበውን ፈሳሽ ወደ ደም በሚመልሰው ቱቦ፣ ደረት ውስጥ ሽቅብ ይወጣሉ። አንገት ሥር ደም ውስጥ ይገባሉ። ከደም ተመልሰው እዚያው አንጀት ላይ ይሰፍራሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች የሊምፉን ቱቦ ወደ ውጭ እንዲፈስ ሲያደርጉት አንጀት የሚደርሱት ሴሎች እጅግ አነሱ። ሌላ ቦታ እንዳይቀሩ መንገዱን የሚያሳያቸው መነሻቸው ነው። ከአንጀት የተነሳ ሴል ወደ አንጀት መመለስ ያውቃል፤ ክንድ ላይ በመርፌ የተቀሰቀሰው ግን ይህ ዕውቀት የለውም። ፒርስ በኋላ በውሾች ላይ ሲሠሩም የታየው ተመሳሳይ ነው፤ አንጀታቸው ጥሩ መልስ የሰጠ ውሾች ሕያው ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ከተቅማጡ ተጠብቀዋል።

ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ደግሞ ኒልስ ሊኬና ያን ሆልምግሬን ነገሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በአይጦች ላይ ተከታተሉ። የኮሌራ መርዝ በአፍ የተሰጣቸው አይጦች ከ2 ዓመት በኋላም መርዙን የሚያስታውሱ ሴሎች አንጀታቸው ውስጥ ተገኙ። የላብራቶሪ አይጥ ዕድሜዋ ከዚያ ብዙም አያልፍም። በ1999 ሊኬና ባልደረቦቻቸው አንቲቦዲዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ አንድ ማሰሪያ ፕሮቲን የጎደላቸውን አይጦች መረመሩ። አይጦቹ አንቲቦዲ ያመርታሉ፤ ነገር ግን ያለዚያ ማሰሪያ አንቲቦዲው የአንጀቱን ግድግዳ ተሻግሮ መውጣት አይችልም። መከላከያቸውም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ አንቲቦዲ መመረቱ ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን ተሻግሮ ባክቴሪያው ካለበት መድረስ አለበት።

አይጥ ሰው አይደለችም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። አዋቂ አይጥ እንደ ሰው በኮሌራ አትታመምም፤ ስለዚህ ብዙው ሙከራ የተሠራው በመርዙ ነው። የአይጧ የዕድሜ ልክ ትዝታም በሰው እንዲያ አልቀጠለም። በ1985 ባንግላዴሽ፣ ማትላብ ላይ በሴቶችና በልጆች የተሞከረው የአፍ ክትባት፣ የመርዙ ጉዳት የማያደርስ ክፍል የተጨመረበት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 85 በመቶ ተከላክሏል። እስከ 3 ዓመት ሲታይ ግን ወደ 50 በመቶ ወረደ፤ በትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የደከመው። ያም ሆኖ በመርፌ ከተገኘው የትና የት። ያ ስዊድን ውስጥ የተፈጠረው የማትላብ ክትባት የሆድ አሲድ እንዳያበላሸው ከሚያረግብ ዱቄትና ከውኃ ጋር ይጠጣል። ቬትናሞች ቴክኖሎጂውን ወስደው የመርዙን ክፍል አስቀሩትና ረከሰ። ዛሬ በዘመቻ የሚሰጠው፣ የሞቱ ባክቴሪያዎችን የያዘው 1.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዚያ ዘር ነው። ርካሽና ምቹ የሆነው እንግዲህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ዘገባችሁ ስንት ሰው እንደተከተበ ይናገራል። አንድ ዶዝ ነው ወይስ ሁለት? የለም። ክትባቱ የተሠራው ቢያንስ በ14 ቀን ልዩነት ሁለቴ እንዲወሰድ ነው። በ2015 ሻሸመኔ ዙሪያ የተካሄደው የሙከራ ዘመቻም በሁለት ዶዝ ነበር። በ2022 ኦክቶበር ግን በዓለም ላይ ክትባቱ በማጠሩ፣ ለወረርሽኝ የሚሰጠው ለጊዜው ወደ አንድ ዶዝ ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ለብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ይሻላል ከሚል ነው፤ እኔም አልቃወመውም፤ እሳት ሲነሳ ያለህን ውኃ ነው የምትረጨው። ነገር ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በ2014 በተጀመረ ጥናት አንድ ዶዝ በ6 ወር ውስጥ ወደ 40 በመቶ ነው የተከላከለው። ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይማ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። ትልልቆቹ ቀድሞ ከባክቴሪያው ጋር የተገናኘ አንጀት ሊኖራቸው ይችላል፤ ለሕፃኑ ግን አንዱ ዶዝ ገና የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው።

አንዲት እናት ጋዜጣችሁን አንብባ «ልጄ ተከትቧል» ብላ ውኃ ማፍላቷን ብትተው ማን ይጠየቃል? ተጠያቂው ብዙ ነው፤ እናንተም አላችሁበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዘመቻ ዘጋቢያችሁ የጤና ቢሮውን ሦስት ነገር ይጠይቅልን። ስንተኛ ዶዝ ነው? ሁለተኛው ካለ መቼ ነው? ከተከተቡት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ስንት ናቸው? መልሱን ከቁጥሩ ጎን አትሙት። «ዋናው መርፌ የታለ?» ለሚለው ሰው የምሰጠው መልስ እኔ አለኝ፤ ለእነዚህ ለሦስቱ ግን የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከአዳማ