ስለ ሥራሽ አንቺው ተናገሪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ ሲመጣ የአባትሽ ጉልበት ያስቸግረዋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ጥናቱን ያጠናሽው አንቺ ነሽ፤ መስክ ወጥተሽ የውኃ ጉድጓዶቹን የለካሽው፣ ቁጥሩን ያጠናቀርሽው፣ ሌሊት ተቀምጠሽ ስላይዱን የሠራሽው አንቺ። በስብሰባው ላይ ቆሞ ያቀረበው ግን ባልደረባሽ ነው። አለቆችሽም እጁን ጨብጠው «ጎበዝ» ብለውታል። «እማዬ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፤ እርሱ ይችልበታል» አልሽኝና ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

ቢሮሽ አጠገብ ማታ ማታ የሚሰበሰብ የንግግር ክበብ እንዳለና ጓደኛሽ ካልወሰድሁሽ እያለች እንደምትወተውትሽም ነግረሽኛል። አንቺ ደግሞ «የወሬኛ ማኅበር ምን ያደርግልኛል» ብለሽ ተውሽው። እንዲህ ያለ ክበብ እዚህ ጎንደርም አለ፤ የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ አባል ነው። በዓይኔ ሳላይ ሂጂም አትሂጂም ልልሽ ስላልፈለግሁ አንድ ምሽት ተከትዬው ሄድሁ።

የሚሰበሰቡት ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ የማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ፤ ሰው ባጃጅ ሳያጣ ቤቱ እንዲገባ ብለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ስብሰባ በተባለው ሰዓት ሲጀመር ማየት ለእኔ ብቻውን አንድ ትርኢት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ቱሪስት የምታስጎበኝ ልጅ አለች፤ ጡረታ የወጡ አንድ የቀድሞ ሹምም አሉ። ሁሉም በተራው የሥራ ድርሻ አለው፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንግዳ ብቻ ነው።

አሠራሩን የወሰዱት ቶስትማስተርስ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ራልፍ ስሜድሊ የሚባል ሰው በ1924 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና በምትባል ከተማ፣ በወወክማ (በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ቤት ውስጥ የጀመረው ነው። ሴቶችን በይፋ አባል ያደረጉት ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዶቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብቻቸውን ሲለማመዱ ኖረዋል ማለት ነው፤ ባልደረባሽ ቢቀድምሽ አይግረምሽ።

አሁን ወደ ምሽቱ ልግባ። አንዷ ሰዓት ትይዛለች። የተዘጋጀ ንግግር ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ነው፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አረንጓዴ ካርድ ታነሣለች፣ ስድስተኛው ላይ ቢጫ፣ ሰባተኛው ላይ ቀይ። ከቀይ በኋላ ሠላሳ ሰከንድ ይታገሣሉ፤ ከዚያ ግን ያጨበጭባሉ፣ ተናጋሪውም ወደደም ጠላም ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ «እ...» የሚለውን ማመንታት፣ «እንትን»፣ «ምን ለማለት ፈልጌ ነው» የሚሉትን መሙያዎች እየቆጠረ ይጽፋል። አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ማለት ነው» ሲዘጋ አመሸ። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ሲነበብለት ከሁላችንም በላይ የሳቀው እርሱ ራሱ ነው።

ድንገተኛ ርዕስም አለ፤ ርዕሱ የሚነገርሽ ከተነሣሽ በኋላ ነው፣ የሚሰጥሽም ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። ለነርሷ የደረሳት «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጎንደር ቢደርስና የፋሲል ግንብ ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ታሳዪዋለሽ?» የሚል ነበር። ትንሽ አሰበችና «እናቴ ዘንድ ወስጄ ቡና አስጠጣዋለሁ፤ እርሷ ስለ ግንቡ ከአስጎብኚ የበለጠ ታወራለች» አለች። አስጎብኚዋ ከኋላ «እውነቷን ነው!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ነገር አስደሰተኝ አልልሽም። እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚያወናጭፉ፣ ከስልክ ላይ የለቀሙትን የማነቃቂያ ንግግር በግጥም የሚያወርዱ አሉ። ለሁሉም ነገር ማጨብጨብም ያደክማል፤ መዳፌ ቀልቶ ነበር። ይህን ሳይ አንቺ «ወሬኛ» ያልሽው ትዝ ብሎኝ ነበር።

ጡረተኛው ሹም ሲነሡ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ርዕሳቸው በልጅነታቸው ስላዩት የጎንደር ጥምቀት ነው። ለመድረክ መሪው ሰላምታ አቀረቡ፣ ለእንግዶች ሰላምታ አቀረቡ፣ ለታዳሚው በየዕድሜውና በየሙያው ሰላምታ አቀረቡ፣ ለተሰጣቸው ዕድል አመሰገኑ፣ ጊዜ እንዳይወስዱብን አስቀድመው ይቅርታ ጠየቁ። አረንጓዴው ሲነሣ ስለ በዓሉ ታላቅነት ገና መግቢያ ላይ ነበሩ። ቢጫው ሲነሣ ታቦቱ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም። ቀዩ ሲነሣ ደንግጠው ቀጥታ ወደ ፋሲል መዋኛ ዘለሉ፤ በዚያች ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የእናታቸውን ጩኸት፣ ከውኃው ሲወጡ ያጧትን አንድ እግር ጫማ፣ በባዶ እግር ቤት ድረስ የተደረገውን ጉዞ ነገሩን። ክፍሉ ሁሉ ነቃ። ወዲያው ተጨበጨበና ተቀመጡ።

የገመገመቻቸው ያቺ አስጎብኚ ልጅ ናት፤ የልጅ ልጃቸው ልትሆን ትችላለች። ፊት ለፊታቸው ቆማ «አባባ፣ የጫማዎን ነገር ሲነግሩን ሁላችንም እግራችን በረደን። ድምፅዎ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከጫማው ይጀምሩልን። ሰላምታውና ምስጋናው አራት ደቂቃ ወሰደብዎት፤ በእርሱ ፈንታ ታቦቱን እናየው ነበር» አለቻቸው። እኔ በእርሳቸው ፈንታ ተሸማቀቅሁ። እርሳቸው ግን ከኪሳቸው ማስታወሻ አውጥተው «ከጫማው» ብለው ጻፉ።

አንቺ እንድታውቂው የፈለግሁት ይህን ነው፤ ንግግሩስ በየቤቱ አለ። በእኔ የሥራ ዘመን በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ነበር፣ ኋላ ደግሞ ግምገማ መጣ። ስሙ ሲጠራ ሆዴ ይንቦጫቦጭ ነበር። ቂም የቋጠረ ሰው ያን ቀን ጠብቆ ይፈታዋል፤ ስለ ሥራሽ ተጀምሮ ስለ ዘርሽና ስለ ጠባይሽ ያልቃል፤ ከዚያ ለወራት ሰላም የማይባባሉ ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚህ ግን ገምጋሚው ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ አለው፤ ካርዱ ለእርሱም ይነሣበታል። የሚናገረው ስላየውና ስለሰማው ብቻ ነው። በመጨረሻም አንድ ዋና ገምጋሚ ተነሥቶ ገምጋሚዎቹን በተራቸው ይገመግማል። በአገራችን ሰውን ፊት ለፊት ወይ እናሞግሳለን ወይ እንዘልፋለን፤ መካከለኛውን ነገር ለኋላ ሐሜት እናስቀምጠዋለን። ያቺ ልጅ መካከለኛውን ነገር አፍ አውጥታ ተናገረች፤ ሽማግሌውም አልተቀየሙም።

እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤትና ችሎት ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ትረጃለሽ። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ ስንቅ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ስንቱን አይቼዋለሁ! እውነቱ በእጁ ነው። ዳኛው «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ሲሉት ግን ከቅድመ አያቱ ይጀምራል፤ ዳኛው ዘጠኝ መዝገብ ይጠብቃቸዋል፤ «ወደ ነጥቡ ግባ!» ሲባል ይደነግጥና የያዘውም ይጠፋዋል። አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ግን አትረሳኝም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ መሬቱ በስሜ ነው፤ የይዞታ ደብተሬ ይኸው። እርሱ የሚያርሰው በምን ደብተር ነው?» አለችና ዝም አለች። አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉ የነበሩት ዳኛ ቀና አሉ። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ በማመልከቻዋ ላይ ጣቷን ያስፈረምኋት እኔ ነኝ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ደግሞ እንዳትዪኝ። ካርዱና ሰዓቱ የፈረንጅ ይሁን። በላ ልበልሃን ግን ያመጣልን ማን ነው? አያትሽ ሲያጫውቱን፣ ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ኩታውን አጣፍቶ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ!» ይል ነበር፤ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ የአፍ ጥበቡን ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው ከባለጉዳዩ ይበዛ ነበር። በዚህችው ጎንደር በነገሥታቱ ፊት በሃይማኖት ትምህርት የሚለያዩት የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ቆመው ተከራክረዋል። የቅኔ ተማሪ ዛሬም ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያቃናለታል። እንዲህ ሆነን ሳለ፣ ክርክሩንም ቅኔውንም ለወንዶች ትተን ነው የኖርነው፤ ይህን እንኳ ልታልፊው አይገባም።

«ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል» ብለሽኛል። ድምፅ ሲጠፋ ዝም ማለት ይቻላል እኮ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር መድረክ ላይ ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አዳራሹን አናወጡት። ጃንሆይ አልጮኹም፤ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁ። የሚያፏጩት ከአዳራሹ ከተባረሩ በኋላ በአማርኛ ንግግራቸውን ጀመሩ። አንቺን የሚያፏጭብሽ የለም፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ብትዪ የሚታወቀው ለአንቺ ብቻ ነው። በክበቡ ውስጥ ነርሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከ«እ...» ይልቅ ዝምታውን መረጠች፤ ቆጣሪው ምንም የሚጽፍባት አጣ።

እንግዲህ ሂጂ፤ ግን ለመናገር አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሰዓት ያዥነቱን ጠይቂ። ካርድ ስታነሺ ሰው ሁሉ ያይሻል፤ አንቺ ግን ብዙ መናገር አይጠበቅብሽም። ቀጥሎ መሙያ ቃል ቆጣሪ ሁኚ፤ የሌላውን ስትቆጥሪ የራስሽን ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያው ንግግር ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ርዕሱም ራስሽ ነሽ። እኔ ብሆን ስለ ትምህርቴ አላወራም፤ የጉድጓዱን ጥልቀት ስትለኪ እንስራ ይዘው የከበቡሽ ሴቶች የጠየቁሽን ጥያቄ ነው የምጀምርበት፤ ያን ለእኔ ስትነግሪኝ አንድም ጊዜ አልተንተባተብሽም። የሚገመግምሽ ሰው ሲነሣ ደግሞ መልስ አትስጪ፤ ጻፊ።

የሚቀጥለው ሪፖርት ከመድረሱ በፊት ለአለቃሽ «ይህን እኔ አቀርበዋለሁ» በያቸው፤ ቀኑ ሲቃረብ ሳይሆን አሁን፣ ከተቻለም በጽሑፍ። ባልደረባሽን አትቀየሚው፤ ስለ ጉድጓዶቹ እርሱ የተናገረው አንቺ ዝም ስላልሽ ነው። ይልቅስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓት እንዲይዝልሽ ጠይቂው፤ ሦስቱን ካርድ ከክበቡ በውሰት ታመጪለታለሽ።

በርበሬውንና ሽሮውን ከአክስትሽ ልጅ ጋር ልኬዋለሁ፤ ስትቀበዪ ደውዪልኝ።

እናትሽ
ጎንደር